የነቀርሳ ሕሙማንን የማጽናናት ጥበብ እንዴት እንደ ተመዘነ

የሰው ልጅ በጽኑ ደዌ በተያዘ ጊዜ የሚታመመው ሥጋው ብቻ እንዳልሆነ፣ ከሥጋው ሕመም ጋር ልቡናውም በፍርሃት፣ በትካዜና በስጋት እንደሚናወጥ ጥንታውያን ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ስለዚህም የታመመውን መጠየቅና ያዘነውን ማጽናናት ከዐበይት ምግባራት እንደ አንዱ ሲቈጠር ኖሯል። ነገር ግን ማጽናናት ራሱ እንደ መድኃኒት ተመዝኖ፣ አንዱ የማጽናኛ መንገድ ከሌላው ጋር ተነጻጽሮ፣ የትኛው ለየትኛው ሕመምተኛ እንደሚበጅ በማስረጃ መመርመር የተጀመረው በቅርብ ጊዜ፣ ይኸውም በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ ነው። ይህ ምርመራ በስፋት ከተካሄደባቸው በሽታዎች አንዱ ካንሰር የሚባለው ነቀርሳ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከመነሻው ጀምረን በየዘመኑ እንተርከዋለን፤ ዓመቶቹም ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ነቀርሳ በአውሮጳና በአሜሪካ እንደ ነውር የሚቈጠር፣ ስሙ በቤተ ዘመድ መካከል እንኳ በሹክሹክታ የሚነሣ በሽታ ነበር። በ1913 ሐኪሞችና ባለጸጎች በኒው ዮርክ ከተማ ተሰብስበው የአሜሪካን የነቀርሳ መከላከያ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ከዓላማቸው ዋነኛው ይህን ዝምታ አስወግዶ ሕዝቡ በሽታውን በጊዜ እንዲያውቅና ወደ ሐኪም እንዲመጣ ማስተማር ነበር፤ በዚያን ዘመን የነበረው ፈውስ ቀዶ ጥገናና የጨረር ሕክምና ብቻ ስለ ነበረ፣ ዘግይቶ ለመጣ ሰው የሚደረግለት ነገር እጅግ ጥቂት ነበርና። ይሁን እንጂ ትምህርቱ የሚሰጠው ለጤነኛው ሕዝብ ነበር፤ አንድ ጊዜ በበሽታው የተያዘው ሰው ግን በልቡ የሚሸከመው ፍርሃት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም።

በነቀርሳ ሐኪም ቤት ውስጥ የሕመምተኛውን ልብ ለማጥናት አስቀድመው ከተነሡት መካከል በኒው ዮርክ የሚሞሪያል ሐኪም ቤት ባልደረባ የነበሩት አርተር ሰዘርላንድ ይገኛሉ። እኒህ የአእምሮ ሐኪም ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጡታቸውን በቀዶ ጥገና ካጡ ሴቶችና የአንጀታቸው ጫፍ በሆዳቸው በኩል እንዲወጣ ከተደረገላቸው ሰዎች ጋር ረጅም ጭውውት እያደረጉ፣ ከበሽታው የዳነ ሰው እንኳ በኀፍረት ምክንያት ከቤቱ ላይወጣ፣ ከትዳር ጓደኛው ሊሸሽ፣ ሥራውንም ሊተው እንደሚችል ጽፈው አሳወቁ። በ1953 የታተመ፣ በቦስተን ከተማ የተደረገ ሌላ ጥናትም አብዛኞቹ ሕሙማን በሽታው የመጣባቸው በራሳቸው ጥፋት ወይም በሌላ ሰው በደል እንደሆነ አምነው፣ በሕመማቸው ላይ የበደለኛነት ስሜት ጨምረው እንደሚሠቃዩ ገለጸ።

በዚሁ ዘመን ከሐኪሞች ሳይሆን ከሕሙማን ወገን የተነሣ አንድ የማጽናኛ መንገድ ተጀመረ። ተሪዝ ላሰር የተባሉት አሜሪካዊት ጡታቸው በቀዶ ጥገና ከወጣላቸው በኋላ፣ በ1952 ተመሳሳይ ሕመም የደረሰባቸውን ሴቶች በየሐኪም ቤቱ እየዞሩ መጐብኘት ጀመሩ። ሐኪሙ ስለ ቍስሉ ሲናገር እርሳቸው ደግሞ ስለ ልብሱ፣ ክንድን ስለ ማንቀሳቀስና ወደ ዘመድ ፊት ተመልሶ ስለ መቅረብ ይናገሩ ነበር፤ ቆመው በመታየታቸውም ብቻ በሽታው የሕይወት ፍጻሜ እንዳልሆነ ያስመሰክሩ ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ጉብኝት እንደ ጣልቃ ገብነት ቢመለከቱትም፣ የአሜሪካ የነቀርሳ ማኅበር በ1969 የራሱ አድርጎ ተቀበለው።

ዝምታው ግን ገና አልተወገደም ነበር። በ1961 ዶናልድ ኦከን የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በቺካጎ ከተማ ያሉ ሐኪሞችን ጠይቀው ባወጡት ጽሑፍ፣ ከመቶው 90 የሚሆኑት ለሕመምተኛው ነቀርሳ እንደያዘው አለመንገርን እንደሚመርጡ ገለጹ፤ ምክንያታቸውም ተስፋውን እንዳንወስድበት የሚል ነበር። በአገራችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን በሽታውን የደበቀው ሐኪሙ ራሱ ነበር፤ መድኃኒት ያጣው ደግሞ ሕመምተኛው። ዘመዶች ሐኪሙን ወደ ጥግ ስበው «ለእርሱ እንዳይነግሩብን» ብለው የሚማጠኑበት ልማድ እስከ ዛሬ በእኛም ዘንድ ያለ ስለ ሆነ፣ ይህን የታሪክ ምዕራፍ እንደ ባዕድ ነገር ልንመለከተው አይገባንም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ነገሩ በሁለት ምክንያት ተለወጠ። አንደኛው፣ በመድኃኒት የሚደረገው ሕክምና እየተሻሻለ ሄዶ አንዳንድ የደምና የንፍፊት ነቀርሳዎች መዳን በመጀመራቸው፣ የበሽታው ስም ከሞት ፍርድ ጋር አንድ መሆኑ እየቀረ መሄዱ ነው። ሁለተኛው፣ ስለ ሞት በግልጽ የሚናገሩ ታላላቅ ሰዎች መነሣታቸው ነው፤ ይኸውም ሲስሊ ሶንደርስ በ1967 በለንደን ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን የማስታመሚያ ቤት ከፍተው፣ የሕመምተኛው ስቃይ ሥጋዊ፣ ልቡናዊ፣ ማኅበራዊና መንፈሳዊ ሆኖ በአንድነት የሚታይ መሆኑን አስተማሩ፤ ኤልሳቤጥ ኩብለር-ሮስም በ1969 ሊሞቱ ከተቃረቡ ሰዎች ጋር ያደረጉትን ንግግር በመጽሐፍ አሳተሙ። በ1979 የኦከን ጥያቄ ለሌሎች አሜሪካውያን ሐኪሞች እንደ ገና ሲቀርብላቸው፣ ከመቶው 97 የሚሆኑት ለሕመምተኛው እውነቱን መንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የአንድ ሙያ ሰዎች አሳብ እንዲህ መገልበጡ የሚያስደንቅ ነው።

እውነቱ ከተነገረው በኋላ ግን ሕመምተኛው ምን ይደረግለት? ይህ አዲስ ጥያቄ ነበር። በቦስተን አቨሪ ዋይዝማንና ዊልያም ዎርደን በ1976 ባወጡት ጽሑፍ፣ በሽታው ከታወቀበት ዕለት ጀምሮ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ሰው ስለ ሕይወቱና ስለ ሞቱ ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቅባቸው መሆናቸውን አስረዱ። በ1977 ደግሞ ጂሚ ሆላንድ የተባሉት ሴት ሐኪም በኒው ዮርክ በዚያው በሚሞሪያል ሐኪም ቤት ለነቀርሳ ሕሙማን የሚሆን የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አቋቋሙ። ባለቤታቸው የታወቁ የነቀርሳ ሐኪም ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ባልደረቦቻቸው ስለ እጢው መጠንና ስለ መድኃኒቱ ልክ አጥብቀው ሲጠይቁ ሕመምተኛው ምን እንደሚሰማው የሚጠይቅ አለመኖሩን አይተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህንኑ ጥያቄ የሕክምና ክፍል ለማድረግ ደከሙ።

በ1983 የታተመ አንድ ጥናት በሦስት የነቀርሳ ማእከሎች የሚታከሙ 215 ሰዎችን መርምሮ፣ ከመቶው 47ቱ በአእምሮ ሕክምና መዝገብ ስም ሊሰጠው የሚችል ሁከት እንዳለባቸው፣ የተቀሩት 53ቱ ግን ኀዘናቸውን በራሳቸው ኃይልና በዘመዶቻቸው ድጋፍ እንደሚሸከሙ አስታወቀ። ይህ ቍጥር ሁለት ስሕተቶችን በአንድ ጊዜ አረመ፤ ነቀርሳ የያዘው ሁሉ አእምሮው ታውኳል የሚለውንም፣ ነቀርሳ የያዘው ሰው ቢተክዝ ተፈጥሮ ነውና ምንም አያሻውም የሚለውንም። ስለዚህም ከዚህ በኋላ የመጣው ሥራ ሁሉ የተመሠረተው የሚያስፈልገውን ሰው ከማያስፈልገው ለይቶ በማወቅ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሕክምናዎቹ እንምጣ። በካሊፎርንያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኧርቪን ያሎምና ዴቪድ ስፒግል በ1970ዎቹ ውስጥ የጡት ነቀርሳቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨባቸውን ሴቶች በየሳምንቱ ለ90 ደቂቃ በአንድ ክፍል ማሰባሰብ ጀመሩ። በዚያ ጉባኤ ስለ አየር ጠባይና ስለ ገበያ አይወራም ነበር፤ አንዷ ልጆቿን ለማን ጥላ እንደምትሄድ፣ ሌላዪቱ ባሏ ስለ በሽታው መናገር ስለሚፈራ በአንድ አልጋ ተኝተው እንዴት እንደሚለያዩ ትናገራለች፤ ከመካከላቸው አንዷ ስትሞት የቀሩት በግልጽ ያለቅሱላታል፤ በእርሷም ሞት የየራሳቸውን አሳብ ይመረምራሉ። ስብሰባው ሲያበቃ ሁሉም ዐይናቸውን ጨፍነው ሕመምን የሚያቀል የራስ ማረጋጊያ ልምምድ ያደርጋሉ። በ1981 የታተመው ውጤት እነዚህ ሴቶች ከማነጻጸሪያው ወገን ይልቅ ፍርሃታቸውና የልባቸው ሁከት እንደ ቀነሰላቸው አሳየ።

በእንግሊዝ አገር የተመረጠው መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። አሜሪካዊው አሮን ቤክ ለድባቴ ሕሙማን የሠሩትን ሕክምና መነሻ በማድረግ፣ ስቲቨን ግሪርና ስተርሊንግ ሙሬ በለንደን በሮያል ማርስደን ሐኪም ቤት ለነቀርሳ ሕሙማን የሚስማማ አጭር ሕክምና አዘጋጁ። በዚህ ሥርዐት ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር ተቀምጦ በልቡ የሚመላለሰውን አሳብ በወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ ለምሳሌ ጀርባውን ባመመው ቍጥር «በሽታው ተመልሶብኛል፤ አበቃልኝ» የሚል አሳብ የሚመጣበት ሰው፣ ለዚህ አሳብ ያለውን ማስረጃና ሌላ ሊሆን የሚችለውን ምክንያት ጎን ለጎን ይጽፋል፤ በሳምንቱም ውስጥ የተወውን ሥራ ወይም የሚወደውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እንዲጀምር ቀጠሮ ይሰጠዋል። በ1992 በ174 ሕሙማን ላይ የተደረገው ፈተና ይህ ሕክምና ጭንቀትን እንደሚያቀል አረጋገጠ።

ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ከቆሙ ዘንድ ማነጻጸር የማይቀር ነበር። በ1984 ዎርደንና ዋይዝማን ሁለት አጫጭር ሕክምናዎችን አወዳድረው ሁለቱም ጭንቀትን እንደሚቀንሱ አገኙ። በ1986 ደግሞ በ41 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ችግርን የመቋቋሚያ ዘዴን የተማሩት ሰዎች ተሰብስበው ስሜታቸውን ከሚያካፍሉት ይልቅ ተሻሉ። በ1998 ሙሬና ግሪር የራሳቸውን ሕክምና ከተራው የማጽናኛ ምክር ጋር በ57 ሕሙማን ላይ ሲያነጻጽሩም የእነርሱ መንገድ በለጠ። እነዚህ ጥናቶች በሕሙማን ቍጥር ትናንሾች ስለ ነበሩና ፈታኞቹም ብዙ ጊዜ የአንደኛው ሕክምና ደራሲዎች ስለ ነበሩ፣ ሰፋ ያለ ሚዛን ያስፈልግ ነበር። በ1995 ሁለት ተመራማሪዎች እስከዚያ ዘመን የወጡ 45 ጥናቶችን በአንድነት ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ሥነ ልቡናዊ ሕክምና በጠቅላላው መጠነኛ ጥቅም እንዳለው፣ በልዩ ልዩ ዐይነቶቹ መካከል ግን ጐልቶ የሚታይ ልዩነት እንደሌለ አስታወቁ።

ይህ ሁሉ በዝግታ ሲካሄድ፣ በመካከሉ ዓለምን ያስደነገጠ አንድ ወሬ ተሰምቶ ነበር። ስፒግልና ባልደረቦቻቸው በስታንፎርዱ ጥናት የነበሩትን 86 ሴቶች ለዓመታት ተከታትለው፣ በ1989 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በጉባኤው የተካፈሉት በአማካይ 36.6 ወር ሲኖሩ ያልተካፈሉት 18.9 ወር ብቻ መኖራቸውን አስታወቁ። ማጽናናት ዕድሜን በእጥፍ የሚያራዝም ከሆነ ከየትኛው መድኃኒት ያንሳል? ብዙዎች በደስታ ተቀበሉት፤ ነገር ግን ከደስታው ጋር አንድ ከባድ ሸክም አብሮ መጣ። ልበ ሙሉ የሆነ ሰው ይድናል ከተባለ፣ የማይድነው ሰው ልቡ የደከመ፣ ፈቃዱ የላላ፣ በራሱ ድካም የሞተ መሆኑ ነውና፤ በ1953 የታየው የበደለኛነት ስሜት በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጣ።

ይህን ፍርድ የሻረው የኋለኛው ምርመራ ነው። በ1999 ማጊ ዋትሰን በሮያል ማርስደን 578 የጡት ነቀርሳ ሕሙማንን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ የተጋድሎ መንፈስ ያላቸው ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ ዕድሜያቸው እንዳልረዘመ አሳዩ፤ ተስፋ መቍረጥ የጸናባቸው ግን ውጤታቸው የከፋ እንደ ነበረ ገለጹ። በ2001 በካናዳ በፓሜላ ጉድዊን መሪነት 235 ሴቶች በዕጣ ተመድበው የስታንፎርዱ ጉባኤ በእርግጥ ዕድሜ ይጨምር እንደ ሆነ ሲመረመር፣ የተካፈሉት በመካከለኛ ልክ 17.9 ወር፣ ያልተካፈሉት 17.6 ወር ኖሩ። ልዩነት አልነበረም። በ2007 ስፒግል ራሳቸው በ125 ሴቶች ላይ ደግመው ሲሞክሩት የቀድሞውን ውጤት አላገኙትም፤ ይህንንም ሳይሸሽጉ ማሳተማቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ስለ ዕድሜ ብቻ የሚያስብ አንባቢ የካናዳውን ጥናት እንደ ሽንፈት ይቈጥረው ይሆናል፤ በዚሁ ጥናት ግን በጉባኤው የተካፈሉት ሴቶች፣ ይልቁንም ሲጀምሩ ጭንቀታቸው የበረታው፣ የልባቸው ሁከትና የሥጋቸው ሕመም ቀሎላቸው ነበር። እንግዲህ የተገኘው እውነት ይህ ነው፦ ማጽናናት ዕድሜን ባይጨምርም፣ የቀረውን ዕድሜ ከስቃይ ያሳርፋል፤ ሕመምተኛውም ለመሞቱ ተጠያቂ አይደለም።

በዚህ መካከል የተጨነቀውን ሰው ለይቶ የማወቂያ መሣሪያ ተሠርቶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሆላንድና ባልደረቦቻቸው በሙቀት መለኪያ አምሳል የተሣለ፣ ከ0 እስከ 10 ቍጥር ያለበት ወረቀት አዘጋጅተው፣ ሕመምተኛው የሳምንቱን ጭንቀት ልክ በቍጥር እንዲያመለክት አደረጉ፤ 4ና ከዚያ በላይ ያመለከተ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ይደረግለታል። የአእምሮ በሽታ የሚባለውን ስም የሚፈራ ሰው እንኳ በዚህ ወረቀት ላይ ምልክት ለማድረግ አያፍርም፤ ጥበቡም ይህ ነው።

በአዲሱ መቶ ዓመት ሌሎች መንገዶች ተጨመሩ። ጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ የጀመሩትን የጥሞና ልምምድ በካናዳ ካልጋሪ ከተማ ሊንዳ ካርልሰንና ባልደረቦቻቸው ለነቀርሳ ሕሙማን አስማሙት፤ በ2013 የታተመው ጥናታቸውም ጭንቀት ያለባቸውን 271 ሴቶች በዕጣ ከፍሎ ጥሞናውን ከስታንፎርዱ ዐይነት ጉባኤ ጋር ሲያነጻጽር፣ ጥሞናው ጭንቀትን በማብረድ በለጠ። በኒው ዮርክ ደግሞ ዊልያም ብራይትባርት፣ ከናዚ እስር ቤቶች የተረፉትን የቪክቶር ፍራንክልን ትምህርት መሠረት አድርገው፣ በሽታቸው ለጸና ሰዎች የሕይወትን ትርጉም የመፈለጊያ ስምንት ስብሰባዎችን ሠሩ፤ በ2015 በ253 ሕሙማን ላይ በወጣው ውጤት፣ ይህ ሕክምና መንፈሳዊ ዕረፍትን በማብዛትና ተስፋ መቍረጥን በመቀነስ ከተራው የድጋፍ ጉባኤ ተሻለ።

በካናዳ ዊኒፔግ ከተማ ሃርቪ ቾቺኖቭ የጀመሩት ሥራ ደግሞ ሊሞት የተቃረበውን ሰው ክብር የሚጠብቅ ነው። ባለሙያው ከአልጋው አጠገብ መቅረጸ ድምፅ አስቀምጦ፣ በሕይወትህ ከሁሉ የምትኰራበት ምንድን ነው፣ ልጆችህ ስለ አንተ ምን እንዲያውቁ ትወዳለህ፣ ምን ምክር ትተውላቸዋለህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ንግግሩ በጽሑፍ ተገልብጦና ተስተካክሎ ለሕመምተኛው ይነበብለታል፤ የሚያርመውን ካረመ በኋላ ለቤተ ሰቡ የሚቀር ቅርስ ሆኖ ይሰጠዋል። በ2011 ይህ ሕክምና ከሁለት ሌሎች የእንክብካቤ ዐይነቶች ጋር በ441 ሰዎች ላይ ሲወዳደር፣ በጭንቀት መለኪያው ላይ ልዩነት አልታየም፤ የሕሙማኑን ምስክርነት ሲጠይቁ ግን እንደ ጠቀማቸውና ክብራቸውን እንደ ጨመረላቸው አብልጠው የተናገሩት በዚህ የታከሙት ነበሩ። ከዚህም የምንማረው ሕክምናን ማነጻጸር ፋይዳ የሚኖረው የምንለካውን ነገር በትክክል ስንመርጥ መሆኑን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የታየው ውጤት ግን በ2014 ከስኮትላንድ መጣ። በዚያ ጥናት ከባድ ድባቴ የያዛቸው 500 የነቀርሳ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ለአንደኛው ወገን ልዩ ሥልጠና የተሰጣቸው ነርሶች በአእምሮ ሐኪሞች ተቈጣጣሪነት ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍታት ትምህርት ሰጧቸው፤ የድባቴ መድኃኒታቸውንም ከሐኪሞቻቸው ጋር እየተመካከሩ ተከታተሉ፤ ሌላው ወገን የተለመደውን እንክብካቤ አገኘ። ከ24 ሳምንት በኋላ ከነርሶቹ ጋር የተገናኙት ከመቶው 62ቱ በጉልህ ሲሻላቸው፣ ከሌላው ወገን የተሻላቸው 17ቱ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት ግን አንድ መንገድ ለሁሉ ይበቃል ማለት አይደለም፤ በ2020 በእንግሊዝ አገር በሽታቸው ለጸናና ድባቴ ለያዛቸው 230 ሰዎች የቤክ ዐይነት ሕክምና በተለመደው አገልግሎት በኩል ሲሰጥ ከተራው እንክብካቤ የተለየ ጥቅም አላስገኘም። በአንጻሩ በካናዳ ጌሪ ሮዲን ለእንዲህ ያሉ ጽኑ ሕሙማን የሠሩት፣ ከሦስት እስከ ስድስት ስብሰባ ያለው ሕክምና በ2018 በ305 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ትካዜን ቀንሷል፤ በ2017 በአውስትራልያ በሽታው ይመለስብኛል በሚል ፍርሃት ለተያዙ 222 ሰዎች የተዘጋጀው ልዩ ሕክምናም ሰውነትን ከማፍታታት ልምምድ በልጧል። በዚያው በ2018 የ22 ጥናቶችን ከ4,200 የሚበልጡ ሕሙማን ዝርዝር መረጃ በአንድነት የመረመረ ሥራ ደግሞ፣ ጥቅሙ የሚበረታው በእርግጥ ለተጨነቁት ተለይቶ ሲሰጥ መሆኑን አጸና።

የዚህ ሁሉ ዘመን ድካም ያስተማረው ነገር ግልጽ ነው። የትኛው ሕክምና ከሁሉ ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ቀስ በቀስ ለማን፣ በምን ጊዜ፣ ለምን ዐይነት ጭንቀት ለሚለው ጥያቄ ስፍራውን ለቀቀ፤ ድባቴ ለያዘው የችግር መፍቻ ትምህርትና መድኃኒት፣ የበሽታው መመለስ ለሚያስፈራው በፍርሃቱ ላይ የሚያነጣጥር ሕክምና፣ ሞት ለተቃረበው ትርጉምንና ክብርን የሚጠብቅ ውይይት ይገባዋል። ይህም ሁሉ የሚጀመረው ሕመምተኛው እውነቱን ሲያውቅና ምን ይሰማሃል ተብሎ ሲጠየቅ ነው። የስኮትላንድ ነርሶች እንዳስመሰከሩት፣ የአእምሮ ሐኪም በብዛት በሌለበት አገር እንኳ የሠለጠነ አስታማሚ በአእምሮ ሐኪም ተቈጣጣሪነት ይህን ሥራ ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ ለነቀርሳ ሕክምና ቤት የሚሠራ፣ የጨረር መሣሪያና መድኃኒት የሚገዛ መንግሥት ወይም ማኅበር ሁሉ፣ ከዚያው ገንዘብ ሕሙማኑን የሚጠይቁና የሚያጽናኑ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥንበትን ድርሻ አስቀድሞ ሊመድብ ይገባዋል፤ ይህ ከሕክምናው በኋላ የሚጨመር ምጽዋት አይደለም፣ በማስረጃ የተፈተነ የሕክምናው ክፍል ነው እንጂ።